ከወህኒ መለስ ያለ ቅጣት፦ የፕሮቤሽን ታሪክ በአሜሪካ ግዛቶች



ዛሬ የማወጋችሁ አሜሪካ ውስጥ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ወህኒ ሳይወርድ ስለሚቀጣባቸው መንገዶች ነው። ዋናው ፕሮቤሽን ነው፤ በአገራችን ሕግ ገደብ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። በማኅበረሰባችን መካከል «እስር የለበትም፤ ፈርምና ተገላገል» የሚል ምክር ይዘወተራል። የገደብ ታሪክ ግን እንዲህ በቀላሉ መገላገል እንደሌለ ያስተምረናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ወንጀል ክስ ጥቂት ልበል። በዚህ አገር ወንጀል በአብዛኛው የሚዳኘው በግዛት ሕግ ነው። ሃምሳዎቹ ግዛቶች የየራሳቸው የወንጀል ሕግ፣ ዓቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት አሏቸው። በብዙዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያሳስረው ጥፋት ከባድ ወንጀል (ፌለኒ)፣ ከዚያ በታች ያለው ቀላል ወንጀል (ሚስድሚነር) ይባላል። ድንበሩ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። 1,200 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ሰረቀ የተባለ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ ከሆነ በቀላል ወንጀል ይከሰሳል፤ እዚያ ስርቆት ከባድ የሚሆነው ከ1,500 ዶላር ጀምሮ ነውና። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ቢሰርቀው ግን መለያው 1,000 ዶላር ስለሆነ እስከ 20 ዓመት ሊያስቀጣው ይችላል።

ወደ ታሪኩ ልግባ። በቅኝ ግዛት ዘመን የተለመደው ቅጣት ግርፋት፣ በአደባባይ በግንድ መጠረቅ፣ ሲከፋም ስቅላት ነበር። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የፔንሲልቬንያና የኒውዮርክ ወህኒ ቤቶች በእነዚህ ቅጣቶች ቦታ ተተኩ። ወህኒው የሰካራሙም የኪስ አውላቂውም ማደሪያ ሲሆን አንዳንድ ዳኞች መውጫ መፈለግ ጀመሩ።

በ1830 ቦስተን ላይ ጀሩሻ ቼዝ የምትባል ሴት በስርቆት ተከሳ ጥፋቷን አመነች። ዳኛው ፒተር ኦክሰንብሪጅ ታቸር ቅጣቱን ሳይወስኑ፣ በተጠራች ጊዜ እንድትቀርብ ዋስ አስጠርተው አሰናበቷት። በማግስቱ ዓመት በሌላ ስርቆት ተከሰሰች፤ ከዚህኛው ነጻ ወጣች። ይሁንና ዓቃቤ ሕጉ የቀድሞውን መዝገብ አስከፈተባትና በዚያው ተቀጣች። ነጻ በወጣችበት ማግስት አሮጌው ጥፋት ጠበቃት። ምሕረቱም ወጥመዱም አብረው የተወለዱት እዚያ ነው።

በዚያው ከተማ በነሐሴ 1841 ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሰፊ በችሎት ተቀምጦ ሳለ፣ የተቀዳደደ ልብስ የለበሰ ሰካራም ከማቆያው ወጥቶ ቀረበ። ሰውየው ከማረሚያ ቤት ቢያድኑት ዳግመኛ መጠጥ እንደማይቀምስ ማለ። ኦገስተስ ዋስ ሆነው፤ ዳኛውም ሦስት ሳምንት ሰጡ። ሰውየው በቀጠሮው ሲመለስ መልኩ ተለውጦ ነበር። ፍርድ ቤቱም አንድ ሳንቲም ቀጣው፤ ከነወጪው 3 ዶላር ከ76 ሳንቲም ከፍሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ዋስ ጠርቶ መቆም ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ኦገስተስ የጨመረው ክትትሉን ነው። ለማን ዋስ እንደሚሆን ሲመርጥ የሰውየውን የቀድሞ ታሪክ፣ ዕድሜውንና አብሮ የሚውለውን ሰው ያጣራ ነበር። መጠለያና ሥራ ይፈልግለታል፤ ለዳኛውም ጠባዩን ያስረዳል። ዛሬ ዳኛ ከመፍረዱ በፊት የሚቀርብለት የፕሮቤሽን መኮንን ሪፖርት ሥሩ ይኸው ነው። የችሎትና የወህኒ ሹማምንት ግን ጠሉት፤ ወህኒ በሚወርደው ሰው ልክ የሚከፈላቸው አበል ቀርቶባቸው ነበርና። በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆኗል።

ማሳቹሴትስ በ1878 ሕግ ስታወጣ ለቦስተን ደመወዝተኛ የፕሮቤሽን መኮንን ተሾመ፤ በ1891 አሠራሩ ግዛቱን አዳረሰ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ግን ዘገየ። በ1916 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል ዳኞች ያለ ሕግ ፈቃድ ቅጣትን ላልተወሰነ ጊዜ ማገድ አይችሉም ሲል ወሰነ፤ ኮንግረስም በ1925 ፈቃዱን በሕግ ሰጠ። በ1956 የአዋቂዎች ፕሮቤሽን በሁሉም ግዛቶች ተዳረሰ።

ከዚያ ወዲህ አማራጩ በዛ። ካሊፎርኒያ በ1960ዎቹ የማኅበረሰብ አገልግሎት ጀመረች፤ በ1983 ኒውሜክሲኮ ውስጥ የቁርጭምጭሚት መከታተያ ተሞከረ፤ በ1989 ማያሚ ውስጥ ሱሰኛን በሕክምና የሚከታተል ችሎት ተከፈተ። ቅጣት በከረረበት ዘመን እንኳ ፕሮቤሽን አልቀረም፤ ዛሬ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው በእሱ ሥር አለ፤ በወህኒ ካለው ሰው ይበልጣል ማለት ነው። እያንዳንዱም ግዴታ አለበት፦ ሪፖርት ማድረግ፣ የሽንት ምርመራ፣ ያለ ፈቃድ ከግዛት አለመውጣት፣ መቀጫ መክፈል። ግዴታውን ያፈረሰ የታገደለት እስር ይጠብቀዋል። ለድሃው መጠነኛ ከለላ የመጣው በ1983 ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቅም አጥቶ መቀጫ ያልከፈለን ሰው በዚያ ብቻ ማሰር አይቻልም አለ።

አሁን እኛን በቅርብ ወደሚነካው ልምጣ። በግዛት ፍርድ ቤቶች ከሚሰጡት የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 94 በመቶው ያህል በእምነት ቃል የሚያልቁ መሆናቸውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ጠቅሷል። የሰዉ ዕድል የሚወሰነው ከዓቃቤ ሕግ ጋር በሚደረግ የኮሪደር ድርድር ነው ማለት ነው። አንድ የግሪን ካርድ ባለቤት በቀላል ስርቆት ተከሶ «12 ወር፣ ሁሉም በገደብ» ቢባል አንድ ሌሊት ሳይታሰር ቤቱ ይገባል። የ1996ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የታገደውንም እስር እንደ ተፈረደ ይቆጥራል፤ የስርቆት ቅጣት አንድ ዓመት ከሞላ ከአገር ከሚያስወጡት ከባድ ጥፋቶች ይመድበዋል። በ364 ቀን ቢያልቅ ኖሮ ከዚህ ምድብ በወጣ ነበር። ዋሽንግተን ግዛት፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ የቀላል ወንጀልን ጣሪያ ወደ 364 ቀን ያወረዱት ለዚህች አንድ ቀን ሲሉ ነው።

ሆዜ ፓዲያ የተባለ የሆንዱራስ ተወላጅ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የቬትናም ጦርነት ዘማች፣ ኬንታኪ ውስጥ ማሪዋና ጭኖ ተያዘ። ለብዙ ዓመት በአሜሪካ ኖሯልና አይስጋ ብሎ ጠበቃው መከረው፤ እሱም ጥፋቱን አመነ፤ መባረርም መጣበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ጠበቃ የእምነት ቃል ከአገር ሊያስወጣ እንደሚችል ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ፈረደ።

እንግዲህ መብቱ በእጃችሁ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የክሱን ስም፣ በገደብ የታገደውን የእስር ቀን ብዛት፣ ግዴታው ቢፈርስ የሚመጣውን ጠይቁ። ዜግነት የሌለው ሰው ደግሞ ኢሚግሬሽን ይህን እንዴት እንደሚቆጥረው ጠበቃውን በግልጽ ይጠይቅ፤ ጠበቃው ካላወቀ የሚያውቅ እስኪያማክር ቀጠሮ ይለምን። ከ1841ዱ ችሎት ጀምሮ ዳኞች የሦስት ሳምንት ቀጠሮ መስጠት ያውቁበታል።