መጀመሪያ መሸፈን፣ ከዚያ ማዳመጥ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ንግግሬን ከማልኮራበት ነገር ልጀምር። አንድ ቀን ዙህር ስንሰግድ ነፋስ የቆርቆሮውን በር አላተመው። ድምፁ የተኩስ ያህል ነበር። በኋለኛው ሶፍ ቆሞ የነበረ አንድ ልጅ ሶላቱን ትቶ ሮጠ። አሰላመትን ስንወጣ ከአጥሩ ጥግ ኩርምት ብሎ ይንቀጠቀጣል። «ኢማኑ ቢደክም ነው» ተባለ። ይህን ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ዛሬ እፊታችሁ የቆምኩት ያን ቃል ለማንሳት ነው።

ልጁ ያየውን ሁላችንም አይተናል። ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ባሉት ወራትም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም እፎይ ብንልም፣ በ2016 መጀመሪያ በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል በተደረገው ውጊያ ከተማችን ዳግመኛ ተኩስ ሰማች። በዚህ መሐል እንግዳ ቀረ፤ በእንግዳ የሚያድረው ሁሉ ጓዳው ባዶ ሆነ። ሽማግሌዎቻችንማ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ሳይረሱ ነው ይህ የተጨመረባቸው። ይህ መከራ ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ አልለየም፤ የዛሬው ምክሬም ለጎረቤት ጭምር ነው።

ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይፈጥናል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል። ይህ አላህ ለማምለጫ የሰጠን መሣሪያ ነው። አደጋው ሲያልፍ ሰውነትም መርጋት ነበረበት። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን አይረጋም፤ ሌሊት ይቃዣል፣ በትንሽ ኮሽታ ይበረግጋል፣ ያለምክንያት ይቆጣል፤ ትልቅ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ እንዳደረገው፣ ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከ5 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። እንግዲህ በአንድ ሶፍ ስንት እንደምንሆን ቁጠሩ።

ምን እናድርግ? መልሱ ሁላችሁም በምታውቁት ታሪክ ውስጥ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሒራ ዋሻ ልባቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እንዲሸፍኗቸው ጠየቁ። ድንጋጤው እስኪለቃቸው ተሸፈኑ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ነገሯት፤ እርሷም አጽናናቻቸው፣ ቀጥሎም ዐዋቂ ወደነበረው ወረቃ ወሰደቻቸው። ልብ በሉ! ኸዲጃ «ለምን ተንቀጠቀጡ» አላለችም። መጀመሪያ መሸፈን፣ ከዚያ ማዳመጥ፣ በመጨረሻም ወደ ዐዋቂ መውሰድ ነው።

መሸፈን ማለት አስቀድሞ ሰውነትን ማሳረፍ ነው። የዛሬ ዘመን የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ሰውነትን በሚጠቀም ምክር ከዚሁ ይነሳሉ። የደነገጠውን ሰው አስቀምጡት፤ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ እጁ የድንጋዩን ግድግዳ ይዳስስ። ዓይኑን ሳይጨፍን ፊት ለፊት የሚያየውን አምስት ነገር ይጥራ፤ ተራራውን፣ ዛፉን፣ ጀበናውን። እስከ 4 እየቆጠረ በአፍንጫው ይሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣ። ሲወጣ የሚረዝም ትንፋሽ የልብን ምት ያዘገያል። ካዞረው ይተወው።

እጅም ያሳርፋል። ስፌት የምትሰፋ፣ እንዝርት የምታሾር እናት እጇ ሲመላለስ ሐሳቧ ጥቂት ይረጋል። መንዙማ ላይ የተለያየ አስተያየት እንዳለን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አውጪው ሲያወጣ ጀመዓው አብሮ ሲቀበል፣ የሁሉም ትንፋሽ አንድ ላይ እንደሚረዝም የወሎ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሶላት ዒባዳ ነው እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ሆኖም በውዱእ ውሃ ፊቱን ያቀዘቀዘ፣ በሱጁድ ግንባሩን ያሳረፈ ሰው ሰውነቱም እንደሚያርፍ አይክድም።

ማዳመጥ ሁለተኛው ነው። «እስቲ ያየኸውን ንገረን» ብላችሁ አታስገድዱ፤ ያልተዘጋጀን ሰው መከራውን ማስደገም ቁስሉን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ቃል ሲያቅተው ሌላ መንገድ አለ። ለልጅ ወረቀትና ከለር ስጡት። የተቃጠለ ቤት ቢሥል አትደንግጡ፣ አታርሙትም። ሲጨርስ ሊነግራችሁ ከፈለገ ስሙት፤ ቀጥሎ ደግሞ ደህና የሚሆንበትን ቦታ እንዲሥል ጠይቁት። ለእንባም ቦታ ስጡ። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል። ወንድ አያለቅስም የምንለው ከየት አምጥተን ነው?

ሦስተኛው ወደ ዐዋቂ መውሰድ ነው። እስካሁን የነገርኳችሁ ሕመምን ያቀላል እንጂ ሕክምናን አይተካም። እንቅልፍ ማጣቱና መቃዠቱ ከወር ካለፈ፣ ሰውየው ሥራ ከተወ፣ ወይም መሞትን ካነሳ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት። ከበድ ካለ ባለሙያው አዲስ አበባ እስካለው አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ይልከዋል። ዱዓው ይቀጥል፣ ቁርኣኑ ይቀራ፤ ነገር ግን ማሰርና መደብደብ ሕክምና አይደለም። በጥይት የተመታን ሰው በዱዓ ብቻ አስተኝተን አናውቅም፤ በድንጋጤ ለተመታውስ ስለ ምን እንዲያ እናደርጋለን?

ወደ ልጁ ልመለስ። አጎቱ ጤና ጣቢያ ወሰደው፤ በኋላም እኔ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ድኗል ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በሩ እንዳይላተም ከበስተኋላው ድንጋይ አስቀምጠናል፤ እርሱም የሚሰግደው በሩ አጠገብ ነው፤ ከጎኑ አጎቱ ይቆማል። ባለፈው ጁሙዓ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ትከሻው ሲዘል አየሁ። አጎቱ ወደ እርሱ ጠጋ አለ፤ ትከሻቸው ተነካካ። ልጁ እንደቆመ ቀረ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ሶፍ ስንሠራ ትከሻ ለትከሻ እንድንገጥም ታዘናል። ከእናንተ አጠገብ የሚንቀጠቀጥ ቢኖር ጠጋ በሉት። አላህ የተሰበረውን ይጠግን፣ ለአገራችንም ሰላም ይስጥ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።