ለእድራችን የመጀመሪያዋን ካሜራ እንዴት እንምረጥ?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በጸሐፊው የተነበበ። ላልተገኙና ርቀው ለሚኖሩ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም በር ላይ ቆማችሁ የምትሰሙን ወጣቶች፣

ባለፈው ስብሰባችን ለእድሩ አንድ ካሜራ ይገዛ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ፣ ኮሚቴው አጥንቶ እንዲያቀርብ መወሰናችሁ ይታወሳል። እኛም በታዘዝነው መሠረት ገበያውን ዞረን አይተናል፣ የሚያውቁትንም ጠይቀን መጥተናል። የካሜራ ባለሙያዎች አይደለንም፤ ይህን የሚያነብላችሁ ጸሐፊም ትምህርቱ ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ የገባንን በገባን ቋንቋ እንናገራለን፤ የሳትነውን ልጆቻችሁ ያርሙን።

አስቀድሞ ግን «እድር ድንኳንና ድስት ይግዛ እንጂ ካሜራ ምን ያደርግለታል?» ብለው ለጠየቁት አባታችን መልስ መስጠት ይገባናል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ገንዘቡ ከየኪሳችን የወጣ ነውና።

ባለፈው ክረምት ያረፉትን እናታችንን ሁላችሁም ታስታውሷቸዋላችሁ። በሰው ሐዘን ላይ ሁሉ ከምድጃው ሥር የማይጠፉ ሴት ነበሩ። በቀብራቸው ቀን ከሬሳ ሣጥኑ ፊት የሚያዝ ፎቶ ቢፈለግ ታጣ። ቤታቸው ፈርሶ ዕቃው ሲጓጓዝ አልበሙ የት እንደገባ ልጆቻቸውም አያውቁም። በመጨረሻ የተገኘችው የመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ ነበረች። እሷን አሳድገን ብናሳትማት ዐይንና አፍንጫው ተደበላለቀ። ያን የደበዘዘ ወረቀት ይዘን ነው የሸኘናቸው። ልጃቸው «እማዬ እንዲህ አልነበረችም» ስትል የሰማን ሁሉ አንገታችንን ደፋን።

ታዲያ በሕይወት ሳሉ ፎቶ አላነሣናቸውም ነበር ወይ? አንሥተናል እኮ። ጥፋቱ የኛ ነውና ሳንሸሽግ እንናገረው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ ኮሚቴው ማንንም ሳያማክር ከአንድ ሱቅ አሮጌ ካሜራ ገዝቶ ነበር። ሻጩ «ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው» ሲለን ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ደስ ብሎን ከፈልን። ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችን ነጭ ለብሰው በእድሩ ቤት ተሰበሰቡ፤ አንድ በአንድ ተነሡ። ፎቶው ሲታይ ሁሉም ጭጋግ የለበሰ መሰለ። ሌንሱ ከዚያ ካሜራ ጋር በራሱ ፎከስ የማያደርግ ኖሯል፤ ቤቱም ጨለማ ነበር። ልንመልስ ብንሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልን። ብዙም ሳይቆይ ካሜራው ጭራሽ መሥራቱን አቆመ። እናታችን ከዚያ ወዲያ ፎቶ ለመነሣት ዕድል አላገኙም።

ነገሩ የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ አይደለም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። ጣልያን ሄዶ ስሙ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙው ግቢ ፈርሶ ጎረቤቶቻችን ገላን ጉራና ሌላም ቦታ ገቡ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ያደግንበት አጥር ግን የለም። የበሩን ፎቶ የያዘ ከመካከላችን ስንት ሰው አለ?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራውን ቀጥለዋል። የነገሥታቱን መልክ እንደነሱ ባሉ ሰዎች አወቅን። የጠጅ ጣይዋን፣ የልብስ ሰፊውን መልክ ግን የያዘልን የየቤታችን አልበም ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚባለው መጽሐፍ የተሠራው ከየቤቱ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች ነው። አልበም ሲጠፋ ምን እንደሚጠፋ ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ።

የምንፈልገው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚባለውን፣ ለጀማሪ የሚሆነውን ዐይነት ነው። ውስጡ ትንሽ መስታወት አለው። ብርሃን በሌንሱ ይገባና በመስታወቱ ነጥሮ ወደ ዐይናችን ይመጣል። ስንጫነው መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሸተር የሚባለው መጋረጃ ይከፈታል፣ ብርሃኑም ድሮ ፊልም ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ባለው ሴንሰር ያርፋል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። ዋናው ጥቅሙ ሌንሱ እየተፈታ የሚቀየር መሆኑ ነው።

«ስልክ አለ አይደል?» ያላችሁ አላችሁ። በቀን፣ በደጅ፣ ስልክ ይበቃል፤ አንዋሽም። ነገር ግን መብራት በደከመበት ቤት የአዛውንት ፊት አንሥቶ ትልቅ አድርጎ ለማሳተም ሰፊ ሴንሰርና ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ይሻላል። ወጣቶቻችንም ሙያ ይማሩበታል።

አሁን ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች አዙረዋል። ኒኮን ዲ 3500ን በ2018 እ.ኤ.አ. ካወጣ በኋላ በዚያ መስመር ሌላ አልተካም። አዲሶቹ ጥሩ ናቸው፤ ከነሌንሳቸው ግን ከአቅማችን በላይ ሆነው አገኘናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ስለዚህ የምንገዛው ያገለገለ ነው። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ሳያዩ መግዛት ነው ነውሩ።

አንደኛ፣ በሜጋፒክስል አንታለል። ለቀብርም ለግድግዳም የሚሆን 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ፎቶ በጥራት ለማሳተም ወደ 17 ሜጋፒክስል ይበቃል። የካኖን 1300ዲ 18 አለው፤ የካኖን 2000ዲ እና የኒኮን ዲ 3400 ወደ 24 አላቸው። ሁሉም ይበቁናል።

ሁለተኛ፣ ከካሜራው ይልቅ ለሌንሱ እንጨነቅ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው የተለመደው ሌንስ 18-55 ይባላል፤ ለደጅና ለሰርግ ቤት ይሆናል። ሲያቀርብ ግን ቀዳዳው እስከ ኤፍ 5.6 ይጠብባል። ኤፍ 1.8 የሚባለው ሌንስ ከዚያ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ልብ በሉ። በኛ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ወደ ኋላ ሂዱ ሂዱ እያለ ከግድግዳ ጋር ያጣብቀናል፤ ፊትና ትከሻ ብቻ ነው የሚይዝ። ባለ 35ቱ ሰውየውን ከነወንበሩ ይይዛል።

ሦስተኛ፣ ሌንሱና ካሜራው መስማማታቸውን እናረጋግጥ። የወደቅነው እዚህ ላይ ነው። የኒኮን ዲ 3000ዎቹና ዲ 5000ዎቹ በአካላቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። ስለሆነም ሌንሱ ላይ ኤ.ኤፍ-ኤስ ወይም ኤ.ኤፍ-ፒ የሚል መኖር አለበት፤ ኤ.ኤፍ ብቻ የሚለው አሮጌው ሌንስ በእጅ ካልተዞረ ፎከስ አያደርግም። ኤ.ኤፍ-ፒ የሚለው ደግሞ እንደ ዲ 3200 ባሉ ቀደም ያሉ ካሜራዎች ላይ አይሠራም። በካኖን በኩል ፍላሹን ተጠንቀቁ፦ 2000ዲ እና 4000ዲ ከላይ ባለው የፍላሽ ማስገቢያ መካከል ነጥቧ ስለሌላቸው ርካሹ የሌላ ፋብሪካ ፍላሽ ላይሠራባቸው ይችላል። 1300ዲ ግን አላት።

አራተኛ፣ ባትሪ። መብራት እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። በፋብሪካው ልክ ዲ 3500 በአንድ ሙሌት 1,550 ፎቶ ያነሣል፤ 2000ዲ 500 ገደማ። የትኛውንም ብንገዛ ሁለት ባትሪ ይኑረን።

አምስተኛ፣ ስም አያደናግረን። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ሬብል ቲ7» አለን ቢሉ 2000ዲ ማለታቸው ነው፤ «ሬብል ቲ6» ቢሉ 1300ዲ ነው።

ስድስተኛ፣ ከሱቁ ሳንወጣ እንፈትን። ሁለት ሰው አብሮ ይሂድ፤ አንዱ ዋጋ ይከራከር፣ አንዱ ይፈትን። ሌንሱን ወደ ብርሃን አድርጎ ማየት፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና መተው። ቀዳዳውን በኤፍ 16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሣት፤ ጥቁር ነጥብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ቅርብና ሩቅ እያነሡ ፎከሱን መሞከር። ቁልፎቹን፣ ፍላሹን፣ የካርዱን ቦታ አንድ በአንድ መንካት። ሸተር ዕድሜ አለው፤ በኒኮን ስንት ጊዜ እንደተነሣበት በፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ልጆቹ በኮምፒዩተር ያዩታል። 10,000 የተነሣበትና 90,000 የተነሣበት በአንድ ዋጋ አይገዛም። በመጨረሻም ከሥሩ ያለው ተራ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ይጻፍልን። ደረሰኝ የማይሰጥ፣ የካሜራው ባለቤት ማን እንደነበር መናገር የማይወድ ሻጭ ቢያረክስልንም አንገዛም። የሰው ንብረት ተሰርቆ የእድር ንብረት አይሆንም።

ሰባተኛ፣ ገንዘቡን ሁሉ ካሜራው ላይ አናውለው። ከአሥር እጁ ስድስቱ ለካሜራውና ለተለመደው ሌንስ፣ ሁለቱ ለኤፍ 1.8 ሌንስ፣ አንዱ ለባትሪ፣ ለካርድና ለቦርሳ፣ አንዱ ለማሳተሚያ ይሁን ብለን አስበናል። የማይታተም ፎቶ ለእናቶቻችን ምን ይጠቅማቸዋል?

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። በደህና ሁኔታ ከተገኘ ዲ 3400 ወይም ዲ 3500 ከ35 ሚሊ ሜትር ኤ.ኤፍ-ኤስ ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ይገዛ። እሱ ከታጣ 1300ዲ ከ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ይገዛ። ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ የተሻለ የምታውቁ ካላችሁ ከግዢው በፊት ተናገሩ፤ ከግዢው በኋላ «እኔ ብዬ ነበር» ማለት አይረባም።

ካሜራው በእድሩ ንብረት መዝገብ ይገባል፤ ያለ ፊርማ አይወጣም። አንዲት ልጅና አንድ ልጅ ተመርጠው ይማሩበታል። መጀመሪያ ግን ለአንድ ወር በየቤታቸው እናታቸውን፣ ጎረቤታቸውን በመስኮት ብርሃን እያነሡ ይለማመዱ፤ ሽማግሌዎቻችንን መለማመጃ አናደርጋቸውም። ለሰርግና ለምርቃት ሲወጣ ከሚገኘው ገንዘብ የእድሩ ድርሻ ተቆርጦ ይገባል።

ከዚያ በኋላ በዕድሜ የገፉትን አባላት በቅድሚያ፣ በያሉበት ሄደን እናነሣለን። ገላን ጉራ ያሉትም ይመዘገባሉ፤ ርቀው ሄዱ እንጂ ከእድሩ አልወጡም። ፎቶው ታትሞ አንዱ ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ አንዱ በእድሩ መዝገብ ይቀመጣል፣ ፋይሉም በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጣል። ከጀርባው ስም፣ ቀንና ቦታ ይጻፍበታል።

አንዳንድ እናቶች «ለቀብሬ ልታነሡኝ ነው እንዴ?» ብላችሁ እንደምትቀየሙን እናውቃለን። አይደለም፤ ለግድግዳችሁ ነው። ስቃችሁ ተነሡ፣ የምትወዱትን ልብሳችሁን ልበሱ፤ የልጅ ልጆቻችሁ የሚያዩት ያንን ነው። ቀኑ ሲመጣ ግን፣ ለሁላችንም ይመጣልና፣ ማንም ልጅ «እማዬ እንዲህ አልነበረችም» እንዳይል ነው ልፋታችን።

አስተያየታችሁን ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው