ስም የሌለው ኒሻን



‹‹ሐኪምና ኒሻን ምን አገናኛቸው?›› ትሉኛላችሁ። ስፔሻላይዜሽን ለመማር ጀርመን ከሄድኩ ወዲህ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች የተሸለሙትን ኒሻን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እሰበስባለሁ።

ሂንደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1934 ያቋቋመው የክብር መስቀል ሦስት ዓይነት ነው፦ ለተዋጋ ጎራዴ ያለበት፣ ላልተዋጋ ጎራዴ የሌለበት፣ ለሟች ሚስትና ወላጆች ጥቁሩ። ከ8 ሚሊዮን በላይ ታድሏል። ስም ግን የለበትም፤ ስሙ ያለው አብሮ በተሰጠው ወረቀት ላይ ነው። እኔም ሻጩን መጀመሪያ የምጠይቀው ‹‹ወረቀቱስ?›› ብዬ ነው። የፕሩሲያ ጦር መዝገብ በ1945 ፖትስዳም ላይ በቦምብ ስለተቃጠለ፣ ፍለጋዬ በየከተማው መዝገብ ቤት ነው።

መስቀሉን ካገኙት መካከል አይሁድ ሐኪሞች ነበሩ። ያው መንግሥት በ1938 የሕክምና ፈቃዳቸውን ነጠቃቸው። ኒሻኑ ይህን አይናገርም፤ የሚናገረው ሰውየውን ተከትሎ ታሪኩን የፈለገ ነው።

የበሽተኛን ታሪክ በወጉ መጠየቅ የተማርነው እዚሁ ግቢ ነው። አደራ፣ ቤታችሁ የአርበኛ አያት ወይም የኮሪያ ዘማች ኒሻን ካለ፣ የሚያውቅ ሰው ሳለ ጠይቁ፤ ስሙን ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።