የእንቅልፍ ኪኒን ገቢና ወጪ

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው አጀንዳ አንድ ጥያቄ ነው፤ ለድንገተኛ ሕመም ካስቀመጥነው ገንዘብ ላይ ለእንቅልፍ ኪኒን መግዣ ብድር እንስጥ ወይስ አንስጥ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም የሚጠራው ሰፈራችን ውቤ በረሃ ድሮ በጭፈራ ነበር የሚያነጋው። የዛሬው አለመተኛት ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ደንበኞቿን ያጣች አለች፤ ከከተማው ዳር ለሥራ በሌሊት የምትነሣ አለች፤ የልጆቿን ወጪ ስታሰላ የሚነጋባት አለች።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ነው። የእኔ ሥራ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ገቢውንና ወጪውን ጎን ለጎን መጻፍ ነው።

ከገቢው ልጀምር። ከባድ ሐዘን ለደረሰባት ወይም ጭንቀት ለጠናባት ሴት ሐኪም ለጥቂት ሌሊቶች የሚያዘው ኪኒን ሊያሳርፋት ይችላል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። መጠኑ ግን ስንት ነው? በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 2,417 ሰዎች ላይ የተደረጉ 24 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሯል። ኪኒኑን የወሰዱት፣ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከተሰጣቸው ይልቅ በሌሊት በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ጨምረው ተኙ። በስሌቱ መሠረት አንድ ሰው እንዲሻለው 13 ሰው መውሰድ አለበት፤ ከ6 ሰው አንዱ ደግሞ ጉዳት ያገኘዋል።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ ለመድኃኒት ቤት የሚከፈለው ብር ትንሹ ነው። ብዙዎቻችን ቫሊየም የምንለው ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ድንዛዜውና መርሳቱ እስከ ማግስቱ ይዘልቃል። በዕድሜ የገፉ እናት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው ሊሰበሩ ይችላሉ። ከአረቄ ወይም ከትራማዶል ጋር ከተዋጠ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ለባል የታዘዘውን መካፈልም አደጋ አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዞልፒደም ለሚባለው ኪኒን የሴቶች መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም እንዲወርድ ያደረገው፣ መድኃኒቱ ከሴት ሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ቀን የማይታይ ዕዳም አለ። ዕቁብ በመጀመሪያው ሳምንት የደረሳት ሴት አተረፈች አንልም፤ ገና ትጥላለች። ኪኒኑም እንዲሁ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ሰውነት ይለምደዋል፣ የበፊቱ መጠን አልበቃ ይላል፣ ሲቆም እንቅልፍ ማጣቱ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የወሰደች ሴት በድንገት ብታቆም የሚጥል ሕመም ሊያስነሣባት ይችላል። ስለዚህ ይህን ሰምታችሁ ዛሬ ማታ ኪኒናችሁን እንዳትጥሉ አደራ። መቀነስ የሚቻለው ከሐኪም ጋር፣ ቀስ በቀስ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ታዲያ ምን ይሻላል? እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ የሌላ ችግር ምልክት ነው፤ ድባቴ፣ ስኳር፣ የቆየ ሕመም ወይም የእንቅርት ዕጢ መዛባት ከበስተጀርባው ሊኖር ይችላል። ያለ ምርመራ ኪኒን መዋጥ ሕመሙን ይሸፍነዋል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ቅድሚያ እንዲሰጠው ያለው የምክር ሕክምናን ነው፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ እንቅልፍ እንቢ ሲል ከአልጋ ወርዶ ጥቂት መቆየት፣ አልጋ ላይ ሆኖ ሒሳብ አለማስላት የዚሁ ክፍል ናቸው። ቡናችንንም እናስብበት። የቡናው ኃይል በግማሽ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በ11 ሰዓት በረካ የጠጣች ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሯት አለ።

እንግዲህ ሐሳቤን ላቅርብ። አንደኛ፣ ከገንዘባችን ቅድሚያ ለጤና ጣቢያ ካርድና ምርመራ፣ ከሩቅ ለሚመጡትም ለትራንስፖርት ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ለኪኒን ብድር የሚሰጠው የሐኪም ማዘዣ ላመጣች ብቻ ይሁን፤ ማዘዣው ለስንት ቀን እንደሆነም ይታይ። ሦስተኛ፣ ኪኒን መዋዋስ በመካከላችን ይቅር። ስኳርና በርበሬ እንዋዋስ፤ ይህን ግን አንዋዋስ። አራተኛ፣ ከሰፈር የተነሡትን አባሎቻችንን በየወሩ በተራ እንጠይቃቸው። ብቻዋን የምታነጋ ሴት ጠያቂ ማግኘቷ በሒሳብ መዝገቤ ላይ ዓምድ የለውም፤ ነገር ግን ከገቢው ጎን የሚጻፍ ነው።

ውሳኔው የእናንተ ነው።