የጋን አፍ ትንኝና የአንጎል ጥናት

(በአዲ አርቃይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ዲስኩር)



ጠላ ጠማቂ እናቶች በተቀመጡበት ስለ ትንኝ መናገር ድፍረት ነው፤ እኔ በመጽሐፍ የማውቃትን እናንተ በእጃችሁ ስታባርሯት ኖራችኋልና። የጋኑ አፍ ሲከፈት ከየት መጣች ሳትባል የምትከበው፣ ዋንጫ ውስጥ ወድቃ በጣት ጫፍ የምትወጣው ያቺ ትንሽ ዝንብ ናት የዛሬው ነገሬ። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ዓይኗ ቀይ፣ የወንዱ ጅራት ጫፍ ጥቁር ነው። በሳይንስ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ትባላለች፤ በሌላው ዓለም "የፍራፍሬ ዝንብ" ይሏታል። የግብርና ባለሙያ በዚህ ስም የሚጠራት ግን ደህናውን ማንጎ ወግታ እንቁላሏን የምትጥልበትን ሌላዋን ተባይ ነው። የጋኗ ትንኝ የምትሻው የፈላና እርሾ የያዘ ነገር ነው። ከወባ ትንኝም ጋር ስም እንጂ ግብር አይጋሩም፤ ደም አትመጥም።

ይህች ዝንብ ጥንተ አገሯ አፍሪካ ነው። በሰው ጓዝ ተከትላ ዓለምን ከዞረች በኋላ ቶማስ ሃንት ሞርጋን በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1910 ከቀይ ዓይኖቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ወንድ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የዘር ውርስ ጥናት ከእርሷ አልተለየም። ሮናልድ ኮኖፕካና ሲይሞር ቤንዘር ደግሞ በ1971 ሰዓታቸው የተዛባ ዝንቦችን ለዩ። የአንዷ ቀን 19 ሰዓት፣ የሌላዋ 28 ሰዓት ገደማ፤ ሦስተኛዋ ጨርሶ ቀንና ሌሊት አታውቅም። የሦስቱም ጥፋት የተገኘው በአንድ ጂን ላይ ነበር። ይህን ጂን ተከትለው የሰውነት ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ የፈቱ ሦስት ሰዎች በ2017 ኖቤል ተሸለሙ።

እንዲህ ያለ ጥናት የሚቆመው በጠራ ዘር ላይ ነው። ገበሬ ነጩን ጤፍ ሰርገኛ እንዳይሆንበት ለብቻው እንደሚያኖር፣ ተመራማሪውም አንዲት ያረገዘች ዝንብ በጠርሙስ ለይቶ ልጆቿን እርስ በርስ እያዋለደ መስመሯን ያጠራል። ልዩነቱ፣ የእህል ዘር ጎተራ ገብቶ ይከርማል፤ የዝንብ ዘር ግን በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ምግብ ወዳለበት ጠርሙስ ካልተዛወረ ያልቃል። በአሜሪካ ኢንዲያና፣ ብሉሚንግተን ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች የሚኖሩት በዚህ ድካም ነው።

አሁን የትኛው ነርቭ ምን እንደሚሠራ ወደሚለዩበት ብልሃት ልግባ፤ እዚህ ትንሽ ታገሡኝ። አንድሪያ ብራንድና ኖርበርት ፔሪሞን በ1993 ያሳተሙት ዘዴ ነገሩ ጋብቻ ነው። ሴቲቱ ከአንድ ቤት ትመጣለች፤ በመረጡላት የነርቭ ሕዋሶች ውስጥ ብቻ ጋል-አራት የሚባል ቁልፍ ትሠራለች። ወንዱ ከሌላ ቤት ነው፤ ተመራማሪው የጨመረበትን ጂን ተቆልፎ ይዞታል። እርሷ የምትከፍተው የላትም፤ እርሱ መክፈቻ የለውም። ሲጋቡ በልጆቻቸው ቁልፉና ሣጥኑ ይገናኛሉ፤ ጂኑም ቁልፉ ባለበት ሕዋስ ብቻ ይነቃል። እናቶቼ፣ ይህ ቁልፍ የተወሰደው ከእርሾ ነው፤ ጋናችሁን ከሚያፈላው ዓይነት!

በሣጥኑ ውስጥ ከሚከተቱት አንዱ ሺቢሬ ይባላል፤ ቃሉ የጃፓን ሲሆን መደንዘዝ ማለት ነው። ይህን የያዘ ነርቭ በቀዝቃዛ አየር እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መልእክት ማስተላለፉን ያቆማል፤ ሲበርድለት ይመለሳል። ዝንቧን አሙቆ ምን እንደተሳናት መመልከት ነው፤ ሽታ ማስታወስ ከተሳናት ዝም የተሰኙት ነርቮች ሥራ ማስታወስ ነበር ማለት ነው። ደባርቅ ላይ የምታስታውሰውን ቆላ ስትወርድ የምትረሳ ዝንብ አስቡልኝ።

የእኛ አገር ዝንብም በዝንብ ጥናት ውስጥ አለች። ሰላሌ ውስጥ በፍቼ፣ 3,070 ሜትር ከፍታ ላይ የተያዙ መስመሮች በአሜሪካ ዊስኮንሲን በጆን ፑል ቤተ ሙከራ ተጠንተዋል። ከዛምቢያ ቆላ ዝንቦች ጋር ሲተያዩ የፍቼዎቹ ጠቆር ያሉ፣ ገዘፍ ያሉና ብርድ የሚችሉ ናቸው፤ ክንፋቸው ደግሞ ከገላቸው ዕድገት በላይ ሰፍቷል። በስሱና በብርዱ አየር ለመብረር ሳይጠቅም አይቀርም። ክንፍን እንዲህ የለወጠ ደጋ አንጎልንስ? በ2024 የአንዲት ዝንብ ሙሉ አንጎል ካርታ እስከ ነርቮቹ መያያዣ ድረስ ታትሟል፤ 139,255 ነርቮች። ያቺ ዝንብ ግን በአንድ ወገኗ የአሜሪካዋ የካንተን ከተማ ዘር ናት። አንዲት የካንተን ተወላጅ ለደጋዋ ዝንብ ሁሉ ልትመሰክር አይገባም ባይ ነኝ።

መምህራን ሆይ፣ ከዚህ ተነሥቶ ዛሪማን ተሻግሮ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ በግማሽ ቀን ከቆላ ደጋ ያደርሳል። ዝንቧን ለማየት ጂን መቁረጥ አያስፈልግም። ጠርሙስ፣ የበሰለ ሙዝ፣ ትንሽ እርሾና መድፈኛ ጥጥ ያዙ፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን ዛሪማ፣ አንዱን ደባርቅ ጠላ ቤት አስቀምጡ። የያዛችኋቸውን በማጉያ መነጽር ጎን ለጎን አድርጋችሁ የጀርባቸውን ጥቁረት አስተያዩ፤ በጠርሙሱም ላይ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ አትርሱ።