«ጠወለገችብን» ስንል

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ ሁላችሁም እስክሪብቶ ታወጣላችሁ፤ ቁጥር መጣ ብላችሁ ነው። ቁጥሩ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ላይ ሰፍሯል፤ ከሰዓት በኋላም ይነበባል። እኛ አሁን የምንናገረው ስለ አንድ ግስ ነው። ቃሉ «ጠወለገ» ነው። ሒሳብ ሠራተኞች ስለ ሰዋስው ምን አገባቸው እንዳትሉን፤ ያገባናል፤ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

ሰኔ 30 የዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ፣ ቁጠባቸው በቀነሰ ወይም በቆመ አባላት ስም አንጻር «አስተያየት» የምትል ጠባብ ዐምድ አለች። እዚያ ምን ይጻፍ? በብዙ ቦታ የሚጻፈው «ደካማ» ነው። ደካማ ከፋይ፣ ደካማ ቆጣቢ፣ ደካማ አፈጻጸም። ቃሉ አጭር ነው፣ ሣጥኗ ውስጥ ይገባል፣ ማንም አይጠይቅበትም። እኛ ግን እዚያች ሣጥን ላይ ስንደርስ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዷ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ እንጀራ የምትጋግር ሴት ደካማ ናት ብዬ አልፈርምም» አለች። ክርክሩ ከዚያ ተጀመረ።

እስቲ «ደከመ» የሚለውን ቃል ቀረብ ብለን እንየው። «ልጆቿን ለማሳደግ ስንት የደከመች እናት ናት» ስንል ለፋች፣ ጣረች ማለታችን ነው፤ ምስጋና ነው። «ዛሬ በጣም ደከመኝ» ስንል ድካሙ ከውጭ መጥቶ ያገኘን ነው፤ «ራበኝ»፣ «በረደኝ» እንደምንለው ሁሉ። አርፈን ስንነሣ ይለቀናል። «ደካማ ናት» ያልን ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። የለፋችው ልፋት ከቃሉ ውስጥ ይወጣና ጉድለቷ ብቻ ይቀራል፤ እሱም እንደ ዓይኗ ቀለም አብሯት የተፈጠረ ባሕርይ ይመስላል። ግሱ ላይ የነበረው ላብ ቅጽሉ ላይ የለም። እንዲህ ያለ ቃል በደብተር ላይ ከሰፈረ በኋላ ብድር ኮሚቴ ያነበዋል፣ ደጋፊ ድርጅት ያነበዋል፣ በመጨረሻ ሴትዮዋም ትሰማዋለች።

አማርኛችን ደግሞ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። ለእያንዳንዱ መላላት የራሱን ቃል ሰጥቶታል። ክንድ ይዝላል፣ ድምፅ ይሰልላል፣ ዓይን ይፈዛል፣ ጉልበት ይከዳል። ገመድ ይላላል፣ የከበሮ ቆዳ ይረግባል፣ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ መነሻ ገንዘብ ይመነምናል። ማንም ሰው «ገመዱ ጠወለገ» ወይም «ጎመኑ ላላ» አይልም። እያንዳንዱ ቃል መድኃኒቱን ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ የላላ ይጠበቃል፣ የዛለ ያርፋል፣ የረገበ ይወጠራል። ቃሉን ከሳትነው መድኃኒቱንም እንስታለን። የዛለችን ሴት «ጠበቅ አድርጓት» ብለን ብንቀጣት ምን እናተርፋለን?

ወደ «ጠወለገ» እንምጣ። ይህን ቃል በየቀኑ የምንሰማው ገበያ ላይ ነው። «ጎመንሽ ጠውልጓል፣ ቀንሺልኝ» ትላለች ገዢ። «ፀሐይ መትቶት ነው እንጂ ዛሬ የተቀጠፈ ነው፤ ውሃ ሲነካው ቀና ይላል» ትላለች ሻጭ። ይህን ያህል ነው ንግግራቸው፤ ግን የቃሉ ሙሉ ትርጉም እዚያ ውስጥ አለ። የጠወለገ ነገር በሕይወት አለ። ትናንት ለምለም ነበር። ያጣው አንድ የሚታወቅ ነገር አለ፤ ያን ሲያገኝ ቀና ይላል። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የምትሸጡ አባሎቻችን ውሃ የምታርከፈክፉት በጠወለገው ላይ ነው፤ በደረቀው ላይ ማን ውሃ ያባክናል?

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ሕፃን ሲታመም እናት «ልጄ ጠወለገብኝ» ትላለች። «ደካማ ሆነ» አትልም። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ፈሳሽ ከሰውነቱ ሲያልቅ በእርግጥም እንደ ቅጠል ነው የሚሆነው፤ አንገቱ ይዘነበላል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ መጫወት ይተዋል። ለዚህ ነው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኦ አር ኤሱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ስጡት፣ ከፈዘዘና መጠጣት ካቃተው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት የሚሉት። እናትየዋ የመረጠችው ቃል ምርመራ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ፊደል ልብ በሉልን። እናት «ጠወለገ» ብላ አትተወውም፤ «ጠወለገ-ብ-ኝ» ትላለች። ያቺ «ብ» ጉዳቱ የእኔም ነው ትላለች። ስለ ሩቅ ሰው ስናወራ «ጠወለገች» እንላለን፤ ስለ ራሳችን ሰው ግን «ጠወለገችብን»። ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች ይህቺ ፊደል ትልቅ ናት። አንዲት አባል ቁጠባ ስታቆም ጉዳቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የጋራ ካዝናው ይጎድላል፣ አምስት ሆነው በቡድን ዋስትና ብድር ከወሰዱ አራቱ ዕዳዋን ይሸከማሉ። ስለዚህ «ጠወለገችብን» የሚለው ቃል ለሒሳቡም ትክክል ነው።

ቃል ማለስለስ ግን ሥራችን አይደለም። ዜሮ ዜሮ ነው። እንበል አንዲት አባል በሳምንት 50 ብር ትቆጥብ ነበር፤ ከዚያ 30፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ ምንም። ደብተሩ ላይ ይህ ሁሉ እንዳለ ይሰፍራል፤ «ጠወለገች» ስላልን 50 ብር አይሆንም። ጥያቄው ከዜሮው በኋላ ምን እናደርጋለን የሚለው ነው። ቁጥሩ ከ50 ወደ 30 ሲወርድ ማንም አይሰበሰብም፤ ዜሮ ሲሆን ነው ወሬ የሚጀመረው። ቅጠሉ ግን አንገቱን መድፋት የጀመረው በ30ዎቹ ነው።

ስለ ቅጠል ካነሣን አይቀር፣ ጓሮ ያላችሁ እናቶች የምታውቁትን አንድ ነገር እናንሣ። ቅጠል አጥንት የለውም፤ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው በውስጡ የሞላው ውሃ ነው። በቀትር ፀሐይ ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ ሥሩ ከሚስበው ሲበልጥ፣ አፈሩ እርጥብ ቢሆን እንኳ ቅጠሉ ይጠወልጋል። የዱባ ቅጠል በቀትር ምን እንደሚመስል አይታችኋል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይነካው ቀና ይላል። ስለዚህ አትክልተኛ ተክሉ ውሃ መጠማቱን የሚያየው በቀትር ሳይሆን ማለዳ ነው። ማለዳም ጠውልጎ ከተገኘ አፈሩ በእርግጥ ውሃ አጥቷል፣ ወይም ሥሩ ታሟል።

በደብተራችንም ላይ ቀትር አለ። ነሐሴና መስከረም ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ በላዩ ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል ሲደርቡበት የማን ቁጠባ ነው የማይጠወልግ? ዝናቡ ሲጠነክር በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላው ደንበኛዋን ታጣለች፤ በቆሎ የምትጠብሰው ደግሞ ያኔ ነው የሚቀናት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቅቤ፣ ዕንቁላልና አይብ የምትሸጥ አባላችን በእነዚህ ሳምንታት ብትጠወልግ ፋሲካ ሲደርስ ቀና ትላለች። ሽሮና ምስር የምትሸጠው ግን በጾም ወቅት ከጠወለገች ቶሎ ልንጠይቃት ይገባል። ኮሌጅ ስንማር ተሰብሳቢ ሒሳብን በዕድሜው ለዩት ተብለናል፤ 30 ቀን ያለፈው፣ 60 ቀን ያለፈው፣ 90 ቀን ያለፈው እያልን። መጽሐፉ ላይ የሌለው ቀኑ የትኛው ወር ውስጥ እንደወደቀ ማየት ነው። የነሐሴ 30 ቀንና የኅዳር 30 ቀን እኩል አይደሉም፤ ኅዳር ለእኛ ማለዳ ነው።

አሁን ደጋፊዎቻችን በተለይ ቢሰሙን የምንወደው ነገር ላይ ደርሰናል። የጠወለገ ሁሉ ውሃ የጎደለው አይደለም። የአበባ ማሰሮ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ውሃ ሲበዛበትና መውጫ ሲያጣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ያየ ሰው ውሃ ጠምቶታል ብሎ ይጨምርበታል፤ ይገድለዋል። ብድርም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያውን ብድር ለመክፈል ሁለተኛ የወሰደች፣ ሁለተኛውን ለመክፈል ከጎረቤት አራጣ የተበደረች ሴት አለች። ፊቷ ጠውልጎ ስናይ ልባችን ይራራና «ይጨመርላት» እንላለን። እሷ የሚያስፈልጋት መውጫ ቀዳዳ ነው፤ የመክፈያ ጊዜ ማራዘም፣ የሳምንቱን ክፍያ ማሳነስ፣ ለጊዜው ከአዲስ ብድር ማረፍ። ይህ በዓመት መጨረሻ «የተሰጠ ብድር» በሚለው ዐምድ ላይ ቁጥር አያሳድግልንም። እንዲያውም ያሳንሰዋል። ቁጥሩ አንሶ ስታዩት ሥራው አነሰ እንዳትሉን አደራ።

ሌላም መጠውለግ አለ። ከጉራጌና ከሲዳማ የመጣችሁ አባሎቻችን «አጠውልግ» የሚለውን ስም ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ። ቃሉ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ። በዓይን በማይታይ ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ እንሰት ላይ ስለ መገኘቱ በምርምር መጽሔት ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኝቷል። በመሃል ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። እስከ ዛሬ የሚያድን መድኃኒት የለውም። የታመመው ተነቅሎ ይወገዳል። ዋነኛ አስተላላፊው ደግሞ በሽተኛውን ቆርጦ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው የሚሄደው ቢላዋ ነው፤ ለዚህ ነው ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት ወይም በበረኪና እጠቡት የሚባለው። ቆጮና ቡላ የሚያዘጋጁት፣ ቢላዋውን በእጃቸው የሚይዙትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

በማኅበር ውስጥ ያ ቢላዋ ወሬ ነው። የአንዲትን ሴት ስም በኮሚቴ አንሥተን፣ ያንኑ ምላስ ሳናጸዳ ቡና ላይ ስንቀመጥ፣ «እሷ አቁማለች» የሚለው ነገር ወደ ሌላዋ ይሻገራል። «እሷ ካልከፈለች እኔ ምን በወጣኝ» የምትል ትነሣለች። እንዲህ ያለውን መጠውለግ ቁጠባ ማስታወሻም፣ ቅጣትም፣ ሥልጠናም አያነሣውም። በኮሚቴ የተነገረ የአባል ጉዳይ በኮሚቴ ይቅር የሚለው ደንባችን የተጻፈው ለይሉኝታ ብቻ ከመሰላችሁ፣ እንደ ሒሳብ ጉዳይም እዩት።

«ደረቀ» የሚለውንም ቃል አንፍራው። ሱቋ የተዘጋ፣ ዕቃዋ የተሸጠ፣ አገር የለቀቀች አባል ትኖራለች። እሷን «ጠውልጋለች» እያሉ በየዓመቱ ተሰብሳቢ ውስጥ ማቆየት ራስን ማታለል ነው። በሒሳብ ቋንቋ የማይሰበሰብ ዕዳ ይባላል፤ በጉባኤ ውሳኔ ይሰረዛል። ከባድ ውሳኔ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙም እናውቃለን። ግን የደረቀውን ደረቀ ካላልን ለጠወለገው የሚሆነው ውሃ ይባክናል።

ስለዚህ በዘንድሮው ሪፖርት «አስተያየት» በሚለው ዐምድ ውስጥ «ደካማ» የሚል ቃል አታገኙም። በምትኩ ቁጠባው ከየትኛው ሳምንት ጀምሮ እንደቀነሰ፣ ምክንያቱ ተጠይቆ ከታወቀ እሱ፣ ማን ሄዶ እንደጎበኛት ተጽፏል። ሣጥኗ ስለጠበበች ወረቀቱን አግድም አዙረነዋል፤ ለማንበብ ትንሽ ቢያስቸግር ታገሡን። ቅጹን ወደ ውጭ ቋንቋ የምትመልሱ ደጋፊዎቻችንም «ጠወለገ» የሚለውን «አልተሳካም» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት እንለምናለን። ቃል ቢጠፋ ደውሉልን፤ ጎመኑን እያሳየን እናስረዳለን።

በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ፣ በሲዳምኛና በሌላ ቋንቋ አፋችሁን የፈታችሁ አባላት ደግሞ፣ እናታችሁ ለጠወለገ ጎመንና ለጠወለገ ልጅ አንድ ቃል ትጠቀም እንደሆነ ወይም ሁለት፣ ለቅዳሜው ስብሰባ ይዛችሁልን ኑ። ለሚቀጥለው ዓመት ቅጽ እንፈልገዋለን።

የቁጠባ ደብተራችሁን ከእኛ ደብተር ጋር ማመሳከር የምትፈልጉ፣ ከምሳ በኋላ እስከ 11 ሰዓት በስተግራ ባለው ጠረጴዛ እንጠብቃችኋለን።