ያልተመረመረ ፍየል ወደ ቤት ሲገባ

በስደተኞች መጠለያ የሬዲዮ ጤና ፕሮግራም የቀረበ ንግግር

 

የዛሬው ርዕሳችን እንስሳት፣ ሥጋና ወተት ድንበር ሲሻገሩ የሚደረገውን የእንስሳት ሐኪም ቁጥጥር ይመለከታል። «ይኼ የነጋዴ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔም የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስጀምር እንደዚያው አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጡኝ ባልባላ ውስጥ ቤት ለቤት ስዞር ያገኘኋቸው አንዲት እናት ናቸው።

የእኚህ እናት ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ትኩሳት ይይዘዋል፣ ማታ ማታ ልብሱ እስኪርስ ያልበዋል፣ ጥቂት ቀን ይተወውና ተመልሶ ይመጣበታል። ወገቡንና ጉልበቱን ያመዋል። ወባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስዷል። አልዋሽም፣ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወባ ነበር። ልወጣ ስል በሩ ላይ የታሰረች ፍየል አየሁና «ወተቷን ትጠጣላችሁ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሷ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!» አሉኝ። ስናወራ ነገሩ ወጣ። ፍየሏ ኬላውን ዞራ በሌሊት የገባች ናት፣ ወረቀት የላትም፣ ለዚህም ነው በግማሽ ዋጋ የተገኘችው። ከመጣች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጨንግፋለች። የሞተውን ግልገልና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጁ አንስቶ የጣለው ልጁ ነው። ወተቱንም የሚጠጡት ሳይፈላ ነው።

የልጁ ደም ሲመረመር ብሩሴሎሲስ ሆኖ ተገኘ። አገር ቤት «የውርጃ በሽታ» የሚባለው ነው። ይህ በሽታ ከፍየል፣ ከበግ፣ ከላምና ከግመል ወደ ሰው የሚመጣው በጥሬ ወተት፣ እንዲሁም በጭንገፋና በወሊድ ጊዜ በሚፈሰው ደምና ፈሳሽ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትንም ሊያስወርዳት ይችላል። ይድናል፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ሲጠፋ «ድኛለሁ» ብሎ ሊያቆም ነበር። ያቋረጠ ሰው በሽታው ሊመለስበት ስለሚችል እናቱን አደራ ብዬ፣ እኔም እየተመላለስኩ አስጨረስነው።

እንግዲህ ያቺ ፍየል በኬላው በኩል ብታልፍ ምን ይደረግባት ነበር? በሕጋዊ መንገድ የሚሻገር እንስሳ ከተነሳበት አገር የእንስሳት ሐኪም የተሰጠ የጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል። ኬላ ላይ ያለው ባለሙያ ወረቀቱን ከእንስሳው ጋር ያመሳክራል፤ ዓይኑን፣ አፉን፣ ሰኮናውንና አካሄዱን ያያል፤ የተጠራጠረውን ይለያል። በኢትዮጵያም ቢሆን የእንስሳት በሽታዎችን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 267 የወጣው እንስሳም ሆነ የእንስሳት ውጤት ያለ ምስክር ወረቀት እንዳይንቀሳቀስ ለማገዝ ነው።

ወደ ዐረብ አገር የሚላኩት ደግሞ ከጅቡቲ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ወደ ሎያዳ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ዳመርጆግ በሚባለው ቦታ ወዳለው ማቆያ ይገባሉ። ማቆያው እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረ ነው። ከአረፋ በዓል በፊት በግና ፍየል የጫኑ መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ ያላየ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ሲደርሱ ደማቸው ይመረመራል፣ ክትባት ይሰጣቸዋል፣ መኖና ውኃ እየቀረበላቸው ቀን ይቆጠርላቸዋል። ቀን መቁጠሩ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ በሽታ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክቱ ሳይታይ የሚቆይበት ጊዜ ስላለ ነው። ዛሬ ሲዘል ያያችሁት ጠቦት ከሳምንት በኋላ ሊወድቅ ይችላል። ለብሩሴሎሲስ ግን መጠበቅም አይበቃም፤ የያዛት ፍየል ወፍራና አምራ ልትታይ ስለምትችል የሚያጋልጣት የደም ምርመራ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። አያቶቻችን ክፉ ቀን እያሉ የሚያወሩልን ረሃብ የጀመረው በወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል በመርከብ ባስገቧቸው ከብቶች አማካይነት «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ አገር ውስጥ ገባ። (ለእንደዚያ ያለ መቅሠፍት ደስታ የሚል ስም ማን እንዳወጣለት ሁልጊዜ ይገርመኛል።) በሽታው ሰውን አይነካም ነበር። ግን በሬው አለቀ፣ የሚያርስ ጠፋ፣ ሰውም በረሃብ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ ከህንድ ወደ ብራዚል የሚሄዱ ከብቶች ቤልጅየም ውስጥ አንትወርፕ ወደብ ላይ ሲያርፉ ይኸው ደስታ እዚያ ተነሳ። አገሮች ደንግጠው እ.ኤ.አ. በ1924 ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚባለውን ፓሪስ ላይ አቋቋሙ። በክትባትና በቁጥጥር ደስታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በእኛ ዘመን የዚህን አካባቢ ገበያ ያናጋው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ኬንያ ውስጥ ነው። ከከባድ ዝናብና ጎርፍ በኋላ ትንኝ ሲበዛ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 እና 1998 ኬንያንና ሶማሊያን መታ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ውስጥ ታየ፤ ከአፍሪካ ውጭ ሲገኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። የዐረብ አገሮችም ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ እንስሳትን ከለከሉ፤ ልጆቹን በፍየልና በግመል ሽያጭ የሚያሳድገው አርብቶ አደር ገበያ አጣ። እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ እስከ 2007 መጀመሪያ እንደገና ሲነሳ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደመዘገበው ኬንያ ውስጥ ብቻ 684 ሰዎች ታመው 155 ሞተዋል።

የዚህን በሽታ ምልክት እባካችሁ ያዙልኝ። ከዝናብ በኋላ በመንጋው ውስጥ ብዙ በጎችና ፍየሎች በአንድ ሰሞን ከጨነገፉ፣ ግልገሎችም በብዛት ከሞቱ፣ ቀላል ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። ሰው የሚያዘው በአብዛኛው የታመመ እንስሳ ሲያርድ፣ ሲገፍ ወይም ሲያዋልድ በደሙ ነው፤ በትንኝም ይተላለፋል። ከሁለት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይጀምራል። አብዛኛው ሰው ይድናል። ነገር ግን ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ንግግሩ የተምታታበት፣ ከድዱ ወይም ከአፍንጫው ደም የመጣ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ስትመጡም «ሰሞኑን እንስሳ አርጃለሁ» ወይም «ፍየሌ ጨንግፋለች» ብላችሁ ንገሩን። እኛ ካልጠየቅናችሁ እናንተ ቅደሙን፤ እኔ ያን ቀን ፍየሏን ባላይ ኖሮ አልጠይቅም ነበር።

ከእንስሳው ሌላ ጓዝ ውስጥ የሚመጣውም ነገር አለ። አንድ ጊዜ እናቴ ከድሬዳዋ የላከችልኝ ለጋ ቂቤ ፍተሻ ላይ ተወስዶ ተጣለብኝ። ተናድጄ እቤት ገብቼ አለቀስኩ ብል አትስቁብኝ። ዛሬ ሳስበው ሰውዬው ትክክል ነበር፤ አንድ ቃል ቢያስረዳኝ ግን ምን ነበረበት? ለጋ ቂቤ ካልፈላ ወተት የሚወጣ ስለሆነ የብሩሴሎሲስ ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል። በደንብ ፈልቶ የተነጠረ ቂቤ ግን ጀርሙ በእሳቱ ይሞታል። ቋንጣም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ሥጋውን ያደርቀዋል እንጂ አይቀቅለውም። የአባሰንጋ ዘር ደግሞ በደረቀ ሥጋና ቆዳ ላይ ዓመታት ይቆያል። ድንገት ወድቆ የሞተ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የሚፈሰው እንስሳ ካያችሁ ቢላ እንዳታሳርፉበት። ሥጋው አይበላም፣ ቆዳው አይገፈፍም፣ አይሸጥም። ልጆችንና ውሾችን አርቃችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ወተትን በተመለከተ ማገዶና ከሰል ምን ያህል እንደሚቸግር አውቃለሁ። ረጅም ሰዓት ማብሰል አያስፈልግም፤ ገንፍሎ እስኪነሳ አንድ ጊዜ ማፍላት ይበቃል። የግመልም ቢሆን። ፍየል ስትወልድ ወይም ስትጨነግፍ ጓንት ከሌላችሁ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፣ የወጣውን በጥልቁ ቅበሩ፣ በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡሮች አይጠጉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። «ለሐኪም ባሳይ ፍየሌን ቢወስዱብኝስ?» ትሉኛላችሁ። ይህ የሞኝ ስጋት አይደለም። አንዳንድ በሽታ ከተገኘ እንስሳው ይወገዳል፤ ካሳ ይከፈላችኋል ብዬ ቃል ልገባላችሁም አልችልም። እኒያ እናት የፍየሏን ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉኝ «እንግዲያው ሳይታወቅ ልሽጣትና ገንዘቤን ላውጣ» ነው። ከሰል መግዣ ያጣ ሰው እንደዚያ ቢያስብ አልፈርድበትም። ግን ማን ነው የሚገዛት? ጎረቤት ነው፣ እሱም ልጆች አሉት። ይህንን ሳልጨርስ እሳቸው ራሳቸው «ተይው፣ ገባኝ» አሉኝ።

ፍየሏ ለእንስሳት ሐኪም ታይታ ተወገደች። ምንም አላገኙም፣ ወራት ያለ ወተት ከረሙ። ከዚያ ዘመድ አግዟቸው ሌላ ገዙ። ባለፈው ስጎበኛቸው የአዲሷን ፍየል ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጠውት አሳዩኝ። ሻይ በወተት አቀረቡልኝ። ወተቱ ፈልቷል።

በመጠለያው ውስጥ እንስሳ የጨነገፈባችሁ ወይም የሞተባችሁ፣ በየብሎካችሁ ላሉት የጤና ሠራተኞች ንገሩ፤ እኛ የምንጠይቀው ስለ ትኩሳቱ ነው እንጂ ፍየሏ በየት በኩል እንደገባች አይደለም። በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ስለ ልጆች ተቅማጥ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።